በዘንጉ ላይ የደረቀችው ጠብታ

ባለፈው ሳምንት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ልብስ ላጥብ ስወርድ፣ የሕንፃው ጠጋኝ የተሰነጠቀ የወለል ሸክላ ሊያጣብቅ ከሁለት ጠርሙስ የቀዳውን ኢፖክሲ በወረቀት ኩባያ ውስጥ በስንጥር ያማስል ነበር። ጣፋጭ ይሁን መራራ የማይለየው፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ያ የማጣበቂያ ሽታ ቅርጫቴን እንደታቀፍኩ ደረጃው ላይ አቆመኝ። ሰውዬው የረበሸኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምንም አይደለም ብዬው ልብሴን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ለእኔ ያ ሽታ የአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽታ ነው፤ ከዚህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ያለችው አሌክሳንድሪያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎናችን መሀል፣ በሁለት የካርቶን ሳጥኖች ላይ የተጋደመ ጥቁር ዘንግ።

ያኔ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ናሆም ደግሞ አሥራ ስድስት። ናሆምና አባባ ተኳርፈው ነበር ብል ውሸት ይሆናል። ይነጋገሩ ነበር፤ አባባ በአማርኛ ይጠይቃል፣ ናሆም በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ መልሱ ከሦስት ቃል አይበልጥም፣ ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል። አባባን የሚያንገበግበው ግን ከቋንቋው ይልቅ ሌላ ነገር ነበር። ሽማግሌ እንግዳ ሲገባ ሁላችንም “ኖር!” ብለን ብድግ ስንል ናሆም ሶፋው ላይ እንደተዘረጋ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል እጁን ብቻ ከፍ ያደርጋል። እንግዳው ከሄደ በኋላ አባባ “ወንበር ነው የወለድኩት” ይላል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ “ወንበርስ ሲያነሱት ይነሳል” ብሎ ያርማል። ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ብሎ ከቤት እንደሚወጣ፣ ከዚያ በፊት አንድ ነገር እንኳ አብሮት ሳይሠራ እንዳያመልጠው አባባ እንደሚፈራ ያወቅሁት፣ እማዬ ለእህቷ በስልክ ስትነግራት ሰምቼ ነው።

በዚያ ሰመር ናሆም የሱፐርማርኬት ጋሪ እየሰበሰበ ባገኘው ገንዘብ አንድ ረጅም ቱቦ በፖስታ አስመጣ። አባባ ከሥራ ሲመለስ ቱቦው ተከፍቶ አራት ቁራጭ ጥቁር ዘንግ ምንጣፉ ላይ ተደርድሮ ጠበቀው፤ እጀታ የለው፣ ቀለበት የለው፣ እርቃኑን የቀረ ዘንግ። ናሆም ብላንክ ይለዋል። ለባሕር ዓሣ ማጥመጃ ነበር፤ መንጠቆው ላይ ትል የማይሰካበት፣ ከላባና ከጸጉር የተሠራ ትንሽ ዓሣ መሰል ነገር ታስሮ በክሩ ክብደት ወደ ሩቅ የሚወረወርበት ዓይነት። አባባ ጎንበስ ብሎ አንዱን ቁራጭ አነሳ፤ በአንድ ዓይኑ እንደ ጠመንጃ አነጣጠረበት።

“ሳያልቅ ነው እንዴ የላኩልህ? ኮል አድርግና ይመልሱት።”

“ዳድ፣ ራሴ ነኝ የምጨርሰው። ዛት ኢዝ ዘ ፖይንት።”

“ያላለቀ ዕቃ በገንዘብ!” አለና እግሩን ሊታጠብ ሄደ።

ቡሹን ለእጀታ ማጣበቁና ማለስለሱ ለናሆም ብዙ አልከበደውም፤ ቤቱን ሁሉ የቡሽ ብናኝ አለበሰው እንጂ። ቀለበቶቹ ላይ ሲደርስ ነው የተረታው። የማጥመጃው ክር የሚያልፍባቸው ቀለበቶች ዘንጉ ላይ የሚያዙት በስፌት ክር ተጠምጥመው ነው፤ ጥምጥሙ ያለ ክፍተት፣ አንዱ ዙር ካንዱ ሳይደራረብ፣ ያለ ቋጠሮ ማለቅ አለበት፤ መነሻው ራሱ ጥምጥሙ ሥር ይቀበራል፣ መጨረሻውም እንደዚያው። ናሆም ቪዲዮ እያየ ጠመጠመ፣ ፈታ፣ ጠመጠመ፣ ፈታ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉን ሶፋው ላይ ወርውሮ ክፍሉን ዘጋ። አባባ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። ክሩን አንስቶ በሁለት ጣቱ አፍተለተለው፣ ጫፉን በምራቁ አረጠበ፣ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ማዞር ጀመረ፤ በየጥቂቱ ዙሩን በአውራ ጣቱ ጥፍር ወደ ኋላ ይገፋና ያጠብቀዋል። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ክሩ ዘንጉ ላይ ሲተኛ ቀለም የፈሰሰ እንጂ ክር አይመስልም ነበር።

ናሆም ውኃ ሊጠጣ ወጣ፤ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። “ማን አስተማረህ?” አለ፣ በአማርኛ።

አባባ ቀና አላለም። “አባቴ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበርን።”

ይህን እኔም ናሆምም አናውቅም ነበር። እዚህ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ አገር ቤት ልብስ ይነግድ እንደነበር ነው የሚያውቁት፤ እሱ እንደዚያ ስላላቸው። ልጅ ሳለ ሸማኔ በመሆናቸው “ቁጢት በጣሽ” እያሉ ይሰድቧቸው እንደነበር የነገረን ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች፣ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ናሆም ዘንጉን ይይዛል፣ አባባ ይጠመጥማል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ከእጀታው በላይ፣ ምንም ቀለበት በሌለበት ቦታ፣ አባባ በአረንጓዴና በወርቃማ ክር የጣት ስፋት ያላት ጥለት ጨመረ። ለምን ይጠቅማል ሲባል “ነጠላስ ጥለቱ ለምን ይጠቅማል?” አለ።

የመጨረሻው ሥራ ጥምጥሙን ኢፖክሲ መቀባት ነው። ጨው ዘልቆ እንዳይገባ ደህና አድርጎ መቀባት አለበት፤ እስኪጠነክር ሰዓታት ይፈጃል፣ እስከዚያ ዘንጉ ያለማቋረጥ ይዞራል። ካልዞረ ፈሳሹ ወደ ታች ይወርድና ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ሰዎች ለዚህ ትንሽ ሞተር ይገዛሉ። አባባ “ሦስት ሰው በተቀመጠበት ቤት ምን የሚሉት ሞተር ነው?” አለ። እማዬ እሑድ እሑድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ስለነበር ሦስት ነበርን። የላይኞቹን ቁራጮች ባለፉት እሑዶች ጨርሰን ጥለት ያለበት የታችኛው ብቻ ቀርቶ ነበር። አባባ የሁለት ካርቶን ሳጥኖችን ጠርዝ በቢላ ቀዶ ዘንጉን አጋደመልን፤ እኔ የማይክሮዌቩን ሰዓት በየሃያ ደቂቃው እየሞላሁ “ተራ!” እላለሁ፣ ተረኛው ቀስ እያለ ያዞራል። ናሆም ሲያዞር ምላሱ በከንፈሩ ጥግ ብቅ ይል ነበር።

በእሱ ተራ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ስካይላይን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖሩ፣ ደውሎ መምጣት ለሐኪም ብቻ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው። ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ነው፤ ሱፍ ላይ ነጠላ ደርበዋል። እኔና አባባ ተነሳን፣ “ኖር!”

“በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ አትነሱ!” አሉ፣ እንደ ሁልጊዜው፤ ማንም የማያምነው ልመና ነው።

ናሆም ዘንጉን ለቀቀና ብድግ አለ። “ኖር፣ ጋሽ መኮንን። እንደምን ዋሉ?”

“አትነሳ!” ብሎ ጮኸ አባባ። “ተቀመጥ! ተቀመጥ አንተ!”

ጋሽ መኮንን አንድ እግራቸው ደጅ፣ አንድ እግራቸው ምንጣፍ ላይ ቀረ። “ምነው ኃይሉ? ልጄ አይነሳም ብለህ ስታማርርብኝ የኖርከው አንተ አይደለህ?”

ግን የናሆምን ትከሻ ይዘው ነበር። አንዴ የተጀመረ ሰላምታ ደግሞ መሀል ላይ አይቋረጥም፤ ተሳሳሙ፣ ደገሙ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ ጤና እንዴት ነው፣ እናትህ ደህና ናት፣ ቁመትህስ ምን ነካው። አባባ ከጀርባቸው እጁን ዘርግቶ አንዴ ወደ ዘንጉ፣ አንዴ ወደ እንግዳው ይል ነበር፤ እንግዳ ገፍቶ ማለፍ አይቻል። ሲለቁት ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ከጥለቷ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ተንጠልጥላለች። ናሆም ወደ አባባ ዞረ። “ተነሳ ብለኸኝ!” አለ። አባባ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ሳቅ ቀደመው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውጥተው ጥለቷን አዩ። “ይሄን ማን ሠራው?”

አባባ ሳቁን ዋጠ። ናሆም ወደሱ አላየም። “አባባ ነው” አለ። “ሸማኔ ነበር፣ ሽሮ ሜዳ።”

አባባ የእጁን መዳፍ ተመለከተ። ሽማግሌው የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው አሳዩት። “ታዲያ ይሄ ከሰማይ የወረደልኝ መስሎህ ነው እስከዛሬ የደበቅኸኝ?” አሉና ወንበሩን ሳቡ። “ዞር በሉ፣ ለኔም ተራ ይድረሰኝ።” ማይክሮዌቩ ሁለት ጊዜ ጮኾ፣ እኔም ሁለት ጊዜ “ተራ!” ብዬ፣ አልለቅም አሉ።

ጠብታዋን አባባ በምላጭ ሊያነሳት ፈልጎ ነበር፤ ናሆም “ተዋት” አለው። በሚቀጥለው ወር ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ወረዱ። አባባ የሥራ ጫማውን አድርጎ ቋጥኝ ላይ ቆመ፣ ናሆም ቀኑን ሙሉ ወረወረ፣ አንድ ባለመስመር ዓሣ ያዘ፣ ሕጉ ከሚፈቅደው ያነሰ ስለሆነ ለቀቀው። “ይህን ሁሉ ለፍተን ልትለቀው?” ያለው አባባ እስከ ቤት ድረስ ደጋግሞታል። ማታ ግን ዘንጉን ከጨው ሊያጥብ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር።

አሁን ናሆም ፍሎሪዳ ነው፤ ዘንግ እየሠራ ይሸጣል። ጋሽ መኮንን መንዳት አቁመው ፌርፋክስ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል፣ ማንም ካላመጣቸው አይመጡም። ዘንጉ አሌክሳንድሪያ፣ የአባባ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ስሄድ አውጥቼ ጣቴን እጀታው ላይ አሳልፋለሁ፤ ከጥለቷ ቀጥሎ ጠብታዋ አለች፣ አልጠቆረችም፣ አልተሰነጠቀችም።

አምና ናሆምን ልጠይቅ ሄጄ ጋራዡን አሳየኝ። ሦስት ዘንጎች ጎን ለጎን ተጋድመው ትንሽ ሞተር በቀስታ ያዞራቸዋል። ጥምጥማቸው እንከን የለውም፣ አንዲትም ጠብታ ፈልጌ አጣሁ። ተራ የሚጠብቅ ሰው የለምና ጋራዡ ውስጥ አንድም ወንበር አልነበረም። ቅድም ቤቱ ስገባ ከሶፋው ብድግ ብሎ የተነሳልኝ ናሆም ብቻ ነበር፤ ሞተሩ ለማንም ሳይነሳ መዞሩን ቀጠለ።