ብቻውን ምክር ቤት የነበረው ሰው

ኢንድራማኒ ሎሃኒ ወደ ቱሎፓኻ መንደር በጸሐፊነት ተመድቦ ሲመጣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከአውቶቡስ መውረጃው እስከ መንደሩ የአምስት ሰዓት ዳገት ነው። ሚስቱ ከልጃቸው ጋር ቆላ ከተማ ቀረች፤ እሱ አንድ የታጠፈ ፍራሽና አንድ ጃንጥላ ይዞ ወጣ። ሥራው ከባድ አልነበረም። ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ምክር ቤት ይሰበሰባል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ይሰዳደባል፤ እሱ ስድቡን ትቶ ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ ያሰፍርና ግልባጩን ለወረዳ ይልካል። የእጅ ጽሑፉን ያዩ ሁሉ በመስመር የተተከለ ሩዝ ይመስላል ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ። አገሩ ጦርነት ላይ ስለነበር መንግሥት ምርጫ አልጠራም። በምትኩ ከሚኒስቴሩ የአንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ፤ አዲስ ምክር ቤት እስኪመረጥ ጸሐፊው የምክር ቤቱን ሥልጣን ደርቦ ይያዝ ይላል። ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች አብረውት እንዲፈርሙም ያዛል፤ ሁለቱ ሠራተኞች ግን ለዚያ መንደር ተመድበው አያውቁም። ሽማግሌው ሊቀ መንበር ካድካ ማህተሙን ሲያስረክቡት፣

«ወንበሩ ይከብደኛል ብለህ እንዳትሰጋ» አሉት። «ውሎ ሲያድር ይለመዳል። ክፋቱም እሱ ነው።»

«ለስድስት ወር ነው አባቴ። ስድስት ወር ምን አላት?»

አሥራ አምስት ዓመት ሆነ።

ጦርነቱ ሲከር አማጽያኑ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት አቃጠሉት። ኢንድራማኒም በሦስት ቀን ውስጥ ለቆ ካልሄደ እግሩን እንደሚሰብሩት ላኩበት። የልደትና የሞት መዝገቡን በፍራሹ ጠቅልሎ ወረደና በወረዳው ከተማ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራየ። መንደሩን አራት ዓመት ያስተዳደረው እዚያ ሆኖ ነው። ልጅ የወለደም፣ አባት የሞተበትም፣ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ እሱ ዘንድ ይመጣል።

ባቱሊን መጀመሪያ በቅርብ ያያት ያን ጊዜ ነው። ባቱሊ ከቀጥቃጭ ወገን ናት፤ ባሏ መንቢር ማጭድ ይቀጠቅጣል፣ እሷ ወናፍ ትነፋለች። አራስ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ልታስመዘግብ መጣች። ኢንድራማኒ ከካህናቱ ወገን፣ ብራህማን ነው፤ የእሷ ወገን ከብራህማን ቤት አይገባምና ግቢ አላላትም። ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች ጻፈና ወረቀቱን በመድረኩ ላይ ገፋ አደረገላት።

«ስሟን በደንብ ጽፈውታል ጋሼ?»

«ጽፌዋለሁ።»

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

አነበበላት። እንደገና አስነበበችው። ሦስተኛውን ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችና ምስጋናም ሳታበዛ መንገዷን ጀመረች።

ሰላም ሲወርድ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ጽሕፈት ቤቱ በቆርቆሮ ተሠራ። ሰዉ ሲያገኘው እጁን አጋጥሞ ጎንበስ ይላል፤ የሚከራከረው የለም። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ይጥመው ጀመር። በየወሩ ብቻውን ይቀመጥና በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፉ «አባላቱ ተሰብስበው፣ በሰፊው ተወያይተው፣ በአንድ ድምፅ ወሰኑ» ብሎ ይጽፋል። ወረዳውም ተቀብሎ ይፈርማል። ምክር ቤቱ እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀው አንድም ተቆጣጣሪ አልነበረም።

ከዚያ ምድር ተንቀጠቀጠች። ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው፤ ኢንድራማኒ ከምንጩ አፍ ሸሚዙን ያጥብ ነበር። ውሃው በድንገት ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ቁልቁለቱ ሁሉ በአቧራ ተሸፈነ። አቧራው ሲገፈፍ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ዘጠኙ ብቻ ቆሞ ታየ። ሃያ ስድስት ሰው ሞተ። የሃያ ስድስቱንም ስም በአንድ ሳምንት መዝገብ ላይ ያሰፈረው እሱ ነው፤ በዚያ ሳምንት መስመሩ መዛነፉን መዝገቡን ያየ ሁሉ ያውቃል።

በዓመቱ መንግሥት ቤት ለፈረሰበት ሁሉ ድጎማ እሰጣለሁ አለ። መሐንዲሶች መጥተው ፍርስራሹን እየዞሩ መዘገቡ። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የመሬት ማረጋገጫ ያለው ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ የሌለው አይገባም። ከቁልቁለቱ ግርጌ ያሉት አሥራ አንዱ የቀጥቃጮች ቤቶች ማረጋገጫ የላቸውም። ቅድመ አያቶቻቸውን እዚያ ያሰፈሯቸው ባለርስቶች ናቸው፤ ማጭድና ማረሻ እንዲሠሩላቸው፣ በቃል ብቻ። ሆኖም በመመሪያው መጨረሻ ገጽ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ለረጅም ዘመን እዚያው መኖሩን ጎረቤት ከመሰከረና የቀበሌው ምክር ቤት ካረጋገጠ ሊመዘገብ ይችላል ትላለች።

ኢንድራማኒ አንቀጿን አንብቧታል። ሊፈርም ቅጹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ከወረዳው ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ ያለመሬት ማረጋገጫ ምስክርነት የሚሰጥ ጸሐፊ በግሉ ይጠየቃል። ወንዝ ማዶ ያለው ቀበሌ ጸሐፊ እንዲሁ ፈርሞ ከሥራ ታግዷል የሚል ወሬም ተከተለ። ለጡረታው የቀረችው ሦስት ዓመት ናት። ቅጹን መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ባቱሊ አሥሩን ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ምስክር ይዘናል፤ የቀረው የምክር ቤቱ ፊርማ ነው» አለች።

«ምክር ቤት የለም እኮ ባቱሊ። ምርጫ ሲደረግ የተመረጡት ይፈርሙላችኋል።»

«ለግብር ሲሆን ምክር ቤቱ እኔ ነኝ ይሉን የለም እንዴ? ለመንገድ ሥራ ሲያስወጡን ምክር ቤት ወስኗል አላሉም? ዛሬ የት ሄደ?»

ከኋላዋ አንድ ሰው ሳቀ። ኢንድራማኒ ጆሮው እስኪቀላ ተቆጣ።

«ሕግ ነው» አለ። «እኔ ያወጣሁት አይደለም።»

ሁለት ክረምት በቆርቆሮ ሥር ከረሙ። ላይኛው ሰፈር ድንጋይ እየተጠረበ ግድግዳ ሲነሳ፣ ታችኛው ሰፈር ቆርቆሮውን በድንጋይ ጭኖ ነፋሱን ይጠብቃል። በሁለተኛው ክረምት መንቢር ሳል ያዘው። ቀጥቃጭ ከእሳት ርቆ አያውቅም፣ ይድናል ሲሉ፣ በረዶ ባደረ በአሥረኛው ቀን ሞተ። ባቱሊ ለማስመዝገብ መጣች። የሞት ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርስ ኢንድራማኒ «በሽታ» ብሎ ጻፈ።

«ምን አሉት?»

«በሽታ።»

«ብርድ ይበሉት።»

«ብርድ በሽታ ተብሎ አይመዘገብም።»

«ታዲያ ምን ተብሎ ገደለው?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ከምሳ በኋላ ታችኛውን ሰፈር በማያሳየው መንገድ መሄድ ጀመረ።

በሚቀጥለው ጸደይ ከሃያ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ምርጫ ተጠራ። አዲሱ ሕግ በየቀበሌው ከሚመረጡት አምስት ሰዎች አንዷ ዝቅ ተደርገው ከሚታዩት ወገኖች የሆነች ሴት ትሁን ይላል። የፓርቲ ሰዎች ባቱሊ ዘንድ ወረዱ። አንደኛው፣ «ምንም አያስቸግርሽም እትዬ፤ መቀመጥና መፈረም ብቻ ነው» አላት።

«መፈረሙን ነው የምፈልገው» አለች።

ተመረጠች። ሊቀ መንበር የሆነው ኪሾር ባስኔት የሚባል የቀድሞ አስተማሪ ነው፤ ቅን፣ ግን እጅግ ጥንቁቅ ሰው። በመጀመሪያው ስብሰባ አምስቱ ጠረጴዛውን ከበቡ። ኢንድራማኒ እንደ ጥንቱ ጥግ ይዞ፣ ቃለ ጉባኤውን ዘርግቶ ተቀመጠ። ባቱሊ በአንድ ጣሪያ ሥር ከእሱ ጋር ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ኪሾር ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ አነሳ፤ ተወሰነ። ስለ ምንጩ ተነሳ፤ ተወሰነ። ከዚያ ባቱሊ እጇን አወጣች።

«የአሥራ አንዱ ቤት ምስክርነት ዛሬ ይፈረም። ከዚያ በፊት ግን ጸሐፊው እስከ ዛሬ ያልፈረሙበትን ምክንያት ለምክር ቤቱ ይንገሩልን። የሚሉትም ይጻፍ።»

ኪሾር ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ ባቱሊ፣ ያለፈውን አሁን ብንቆፍረው…»

«የሚቆፈር መሠረት እንጂ ሌላ ምን አለኝ? ቤት የለኝ።»

ኪሾር ወደ ጥጉ ዞረ። «እንግዲያው ጋሼ ኢንድራማኒ፣ “በመመሪያው ግልጽ አለመሆን ምክንያት” ብለው ይጻፉት። እውነትም ነው፤ ማንንም አይጎዳም።»

ኢንድራማኒ ጥያቄውን ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን ቀለሙ እንዳይንጠባጠብ ከወረቀቱ አንስቶ ቆየ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ መዝገብ ላይ ያልነበሩ ሰዎችን ሲያወያይ ኖሯል፤ አሁን አምስት ሰዎች ፊቱ ተቀምጠው ይጠብቁታል። የባቱሊን እጅ አየ፤ የወናፉ ጠፍር ያጠቆረው መዳፍ ነው።

«መመሪያው ግልጽ ነበር» አለ። «አንቀጿንም አውቃታለሁ። ፈርቼ ነው።»

«ይጻፉታ» አለች ባቱሊ።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ወረዳ ይሄዳል!» አለ ኪሾር።

«ይሂድ።» ጻፈው፦ ጸሐፊው አንቀጿን እያወቁ ሥራቸውን እንዳያጡ ፈርተው እንዳልፈረሙ ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ባቱሊ ከወንበሯ ተነሥታ በትከሻው ላይ ጎንበስ አለች። በማታ ትምህርት የለመደቻቸውን ፊደላት በጣቷ እየተከተለች፣ ለብቻዋ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አምስቱም ፈረሙ።

ወረዳው ምስክርነቱን ወዲያው አልተቀበለም። አንዲት ተቆጣጣሪ በእግሯ ወጥታ ሦስት ቀን ታችኛው ሰፈር ዋለች። ቆርቆሮውን አየች፣ ጎረቤት ጠየቀች፤ ከባለርስቶቹ ቤት የሰማንያ ዓመት አሮጊት በዱላቸው ተደግፈው ወርደው፣ «ያሰፈሩዋቸው አያቴ ናቸው፤ የበሉበትን ማጭድ ማን ሠራላቸውና!» ብለው መሰከሩ። ዘጠኙ ቤቶች ተፈቀዱ። ሁለቱ ግን ከደን ክልል ገብተዋል ተብለው ተመለሱ።

ለኢንድራማኒ ለብቻው ደብዳቤ መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከማኅደሩ ተያይዟል፤ ጡረታ ለሚወጣ ሠራተኛ የሚሰጠው የክብር እድገትም ቀርቶበታል። ሚስቱ በስልክ ሰማች።

«ሠላሳ ዓመት ዝም ብለህ ጽፈህ፣ ለመጨረሻዋ ዓመት አፍህ ተከፈተ?»

«ተከፈተ» አላት።

የቀረችውን ዓመት የሁለቱን ቤቶች ማመልከቻ ይዞ በየደን መሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠና። አንደኛው ቤተሰብ ምትክ ቦታ አገኘ። ሁለተኛው፣ ሃርኬ የሚባል ሽማግሌና ልጆቹ፣ መጠበቅ ሰልችቷቸው ቆላ ወርደው ጡብ ፋብሪካ ገቡ። መልሱ የደረሰው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው፤ እሱም አይቻልም የሚል ነበር።

የሚሰናበት ዕለት መንደሩ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ ደራረበለት። ባቱሊ አልመጣችም። እግረ መንገዱን በታችኛው ሰፈር በኩል ወረደ። አዲሱ ቤቷ ግድግዳው እስከ መስኮቱ ደርሷል፤ እሷ ጭቃ ታቦካለች።

«ልሄድ ነው» አላት።

«ሰምቻለሁ። በደህና ይግቡ።»

ጉንጉኑን ከአንገቱ አወጣ፤ የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋው። «ባቱሊ፣ ይቅር በይኝ።»

ጭቃውን ከክንዷ በጣቶቿ ጠረገች።

«እኔን ያስቀየሙኝን ትቼዋለሁ ጋሼ። የመንቢርን ግን በእሱ ፈንታ መፈረም አልችልም።»

ራሱን ነቀነቀና ቁልቁለቱን ወረደ። አላለቀሰም፤ አውቶቡሱ ግን ሁለቴ አምልጦት ሦስተኛውን ነው የተሳፈረው።

አምስት ዓመት አልፎ ሁለተኛው ምርጫ ሲደረግ ኢንድራማኒ ከልጁ ጋር ቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ባቱሊ በድጋሚ ተወዳድራ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ልዩነት መሸነፏን ከኪሾር ሰማ። ነገሩ ከነከነው። ጥቂት ሰንብቶ ስልክ ደወለላት። ያነሳችው ልጇ ናት።

«እናትሽ አለች?»

«የለችም፤ ምክር ቤት ሄዳለች።»

«ተሸንፋለች አሉኝ እኮ።»

«አዎ ተሸንፋለች። ስብሰባው ግን ለሕዝብ ክፍት ነው ብላ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ማን ልበላት?»

«ኢንድራማኒ በያት። መቼ ልደውል?»

«ነገ ይሻላል» አለች ልጅቱ። «ዛሬ የሃርኬን ቤት ነገር እጠይቃለሁ ስትል ነበር፤ ቶሎ አይለቋትም። እሷም አትለቃቸውም።»