ባትሪ የሌላት ሰዓት

መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሰሞኑን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ሰዓት ሊገዛ ነው፤ ያውም ስሙ ብቻ የሚያስፈራ የስዊዝ ሰዓት። ስልኩን ይደቅንብኝና "አንቺ፣ እውነት ያዋጣል?" ይለኛል። "ያብለጨልጫል" እለዋለሁ። የጠየቀኝ ሌላ ነገር ስለሆነ ትከሻውን ነቅንቆ ይተወኛል። ስለ ውድ ሰዓት እኔ አልጠየቅም፤ እኛ ቤት አንድ አለ።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሥራ ያቆመ ጊዜ እማዬ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የውሃ ታንከር። ብስራተ ገብርኤል ያለው ቤታችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ እሱም ከመጣ። አባዬ ከተማ ዋለና ሰዓት አስሮ ተመለሰ። ዋጋውን ሲነግራት እማዬ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ለብዙ ቀን አላናገረችውም።

"ባትሪ የላትም እኮ" ይላል፣ ግራ እጁን ላገኘው ሁሉ እየዘረጋ። "በእጅ እንቅስቃሴ ነው የምትሠራው። እኔ እስከተንቀሳቀስኩ ድረስ አትቆምም።" ዕድሜውን ሁሉ በሌላ ሰው ሰዓት ሲሮጥ እንደኖረ፣ አሁን ግን የራሱን እንደሚያይ ይናገራል። የሞላት በእኛ አቆጣጠር ነው። በትንሿ መስኮቷ የምታሳየውን ቀንም ወር በገባ ቁጥር ራሱ ያስተካክለዋል፤ ፈረንጅ የሠራት ስለሆነች ወር ሁሉ ሠላሳ መሆኑ አይገባትም፣ ጳጉሜንማ ጨርሶ አታውቃትም። እማዬ "ጣውንቴ" የሚል ስም አወጣችላት። "ጣውንቴ ደህና አደረች?" ትለዋለች፤ ኩርፊያው ያለቀው በዚህ ነው። የእኔ ልብ ግን አልበረደም። ባልዲ የምሸከመው እኔ ነበርኩ።

ዓመት ሳይሞላ ስትሮክ መታው። ንግግሩ ተመለሰ፤ እግሩም እንደ ነገሩ ተመለሰ። ግራ እጁ ቀረ። ሰዓቷን ወደ ቀኝ እናዛውርልህ ብንለው በጄ አላለም። "እዚያው ትሁን። እጄ ሲነሳ አብራ ትነሳለች" አለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በቀኝ እጁ ግራውን እያነሳ፣ ጣቶቹን እየዘረጋ፣ ሳይሰለች እንዲሠራ ነገረችው። ለእኛም ካልተሠራበት እንደሚደርቅ አስጠነቀቀችን።

መጀመሪያ ላይ አባዬ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ነበር የሚሠራው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በደህናው እጅ የሞተውን ያነሳዋል። ሰዓቷም ስትነቃነቅ ከቆመችበት ትነሳና፣ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ትቆማለች። ጠዋት በሁለት ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ትላለች። "ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ ምሳ አትሰጡኝም እንዴ?" እያለ ይቀልዳል። የዚያን ጊዜ እጁ ይነሳል ብዬ ከልቤ አምን ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ሰዓቷ ስትሄድ አገኛት። ቀኑን ሙሉ አልቆመችም፤ በማግስቱም አልቆመችም። አባዬ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ እየሳቀ አሳየ። "እጄ በእንቅልፍ ልቤ ሲንቀሳቀስ ያድራል መሰለኝ" አለ። ጎረቤቶቹ ፈጣሪን አመሰገኑ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ግን ልምምዱን እያላላ መጣ። ስንጨቀጭቀው "እየሄደች አይደል?" ይለንና ፊቱን ያዞራል።

ነገሩን የደረስኩበት ገላውን ስናጥበው ነው። እማዬ ውሃ እንዳይነካት ብላ ሰዓቷን አወለቀችና ይዛት ወጣች። ሳሙና ፍለጋ ስከተላት ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ወተት ቅል ትንጣታለች። ጠረጴዛው ላይ ስልኳን አስቀምጣ፣ እሱን እያየች ደቂቃዋን ታስተካክላለች።

"ጣውንትሽን ምን እያደረግሻት ነው?" አልኳት።

አልሳቀችም። "ዝም በይ። ሌሊትም ተኝቶ ሳለ አውልቄ እንጣታለሁ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይተሽዋል?"

አይቼው አላውቅም። ሳሙናዬን ይዤ ተመለስኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ባለሙያዋ መጥታ እጁን ልትዘረጋው ሞከረች። ጣቶቹ እንደተጨበጡ ቀርተዋል። ከአሁን ወዲያ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የምታደርግለት ነገር እንደሌለ ነገረችን። እማዬ ደጅ ወጥታ አለቀሰች። "እኔ ነኝ ያዘናጋሁት። ዳንኩ ብሎ ተወው" አለችኝ። አይደለሽም ልላት ፈለግሁ፤ ግን እኔም የመሰለኝ እንደዚያ ነበር። ቢሆንም መናጧን አልተወችም። አሁን ሰዓቷ ብትቆም ምን ልንለው ነው?

የገብርኤል ዕለት እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እኔና አባዬ ብቻ ነበርን። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እቤት ድረስ ይሰማል። ጢሙን እየላጨሁት ዓይኔ ሰዓቷ ላይ አረፈ። የቀን መስኮቷ ስድስት ትላለች።

"አባዬ፣ ዛሬ እኮ አሥራ ዘጠኝ ነው። ላስተካክላት?"

"ተያት። ከተነሳች ጀምሮ ቀኗ ልክ አይደለም። እናትሽ ሰዓቱን እንጂ ቀኑን መሙላት አታውቅም።"

ምላጩን ከጉንጩ ላይ አነሳሁ።

"ራሷ የተነሳች ሰዓት ከቆመችበት ነው የምትቀጥለው" አለ፣ ስለ መኪና ሞተር በሚያወራበት ድምፅ። "ያን ቀን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ግን ደቂቃዋ ሳይቀር ልክ ነበረች። የሰው እጅ እንዳለበት ወዲያው ነው የገባኝ።"

"ታዲያ ልምምዱን ለምን ተውከው?"

"እናትሽ እጄ ይነሳል የሚል ተስፋ ቢኖራት ሰዓቷን ለምን ትነካካታለች? አይነሳም ብላ ብትቆርጥ ነው። እሷ ከቆረጠች እኔ ለማን ብዬ ነው የምለፋው?" ቀጥሎም "እንዳትነግሪያት" አለኝ።

ይህን ያህል ጊዜ ለጠያቂ ሁሉ ሲስቅ የነበረው ለእሷ ብሎ ነው፤ እሷም ሰዓቷን የምትንጠው ያንን ሳቅ ብላ። እጁ ደግሞ በመሀል ደረቀ። ውሃ ታንከሩን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ስትሮኩ አይቀርለትም ነበር፤ ይሄ ይገባኛል። ግን እማዬ ተስፋ መቁረጧን የሚነግረው ነገር ክንዱ ላይ ታስሮ አይውልም ነበር። ያዋጣል ወይ ለሚለኝ ልጅ ይህንን ከየት ጀምሬ እነግረዋለሁ?

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ "ጣውንቴ እንዴት ዋለች?" አለችው። "ስትሄድ ዋለች" አላት፣ ገና ግማሽ ፊቱ ላይ ሳሙና እንዳለ፣ እየሳቀ። እሷም ሳቀች።

በማግስቱ ገላውን ልናጥበው ባልዲውን አቀረብን። እማዬ ሰዓቷን አውልቃ ወደ ጓዳ ገባች። ሳሙና ላመጣ ብድግ ስል አባዬ በቀኝ እጁ ቀሚሴን ያዘኝ። "ቆይ፣ አትግቢባት" አለኝ ቀስ ብሎ። የተጨበጠው እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ፣ ውሃው እየቀዘቀዘ፣ እስክትጨርስ ጠበቅናት።