ወለተሐና እጇን ያነሳች ዕለት

ወለተሐና የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ የበግ ጠጉር አጥባ፣ አድርቃና ፈትላ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች እያቀረበች የምትኖር። ጠጉሩን የምታጥበው ከቤቷ በታች ካለው ምንጭ፣ የምታሰጣው ደግሞ ከምንጩ ዳር ባለው ጨፌ ላይ ነው። በዚያ ውርጭ አገር የጠዋት ፀሐይ ቀድማ የምታርፈው እዚያ ስለሆነ ሌላ ቦታ አይሆናትም። እርጥብ የከረመ ጠጉር ይሸታል፤ የሸተተውን ደግሞ ማንም አይገዛም።

ልጇ ገብረ ጻድቅ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆናለች። አታለቅስም፣ አትቆጣም፤ ሂጂ ሲሏት ትሄዳለች፣ ተቀመጪ ሲሏት ትቀመጣለች። ያን ጊዜ የዘማቾቹ ስም በቀበሌው አዳራሽ ተነቦ «የምትደግፉ» ሲባል፣ ከሰው ጋር እሷም እጇን አንስታ ነበር። ባታነሳስ ማን ሊያስቀርላት ኖሯል?

በሰባ አራት ዓ.ም. ለፋብሪካ ሠራተኞች ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሊሠራ ነው ተባለና ቀበሌው ተሰበሰበ። ከአዲስ አበባ የመጣው መሐንዲስ ወልደተንሣኤ ያልተለመደ ነገር ይዞ ቀረበ፤ ሁለት ቦታ አጥንቻለሁና ሕዝቡ ይምረጥ አለ። አንደኛው ጨፌው ነው። ለመንገድ ይቀርባል፤ ሆኖም መሬቱ ውሃ ያዘለ ነው፣ ፎቁ የጠዋቱን ፀሐይ ይጋርዳል፣ ፍሳሹም ምንጩን ያበላሻል። ሁለተኛው ከባሕር ዛፉ ማዶ ያለው ጭንጫ ሲሆን ቧንቧ ለመሳብ ጊዜ ከመፍጀቱ በቀር ማንንም አይጎዳም። ሰውየው የጠየቀው ከልቡ ነበር። ጉዱም እዚህ ላይ ነው።

በዚያ አዳራሽ ሁለት ነገር ቀርቦ አያውቅማ። አንድ ነገር ይነበባል፣ እጅ ይነሳል፣ ወደ ቤት ይገባል። መሐንዲሱ «ጨፌው ይሁን የምትሉ» ከማለቱ፣ ሰዉ ሁሉ ቀድሞ የተጠራው የበላዮች ፍላጎት መስሎት እጁን አነሳ። ወለተሐናም አነሳች። ጎረቤቷ አልታየች በክርኗ ብትጎሽማትም አላወረደችም። ሊቀ መንበሩ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ሲል ጭብጨባው ቀለጠ፤ ጭብጨባማ ቀበሌው የሚያውቅበት ነው። መሐንዲሱ ሁለተኛው ገና ነው እያለ ቢለምንም የሰማው የለም።

ሲበተኑ በር ላይ ጠብቆ አስቆማት። መሬቱን ሲለካ ጨፌው ላይ ጠጉር ስታሰጣ አይቷት ነበር።

«እማማ፣ ማስጫዎ አይደለም እንዴ? ለምን እጅዎን አነሱ?»

«አንሡ ስትሉ ነዋ፣ ልጄ።»

«አንሡ አላልኩም። ጠየቅኋችሁ እንጂ።»

ወለተሐና ትክ ብላ አየችው።

«የገብረ ጻድቅም ጊዜ ጥያቄ ነበር?»

መሐንዲሱ ገብረ ጻድቅ ማን እንደሆነ አያውቅም። አልታየች ግን ታውቃለች፤ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ጨፌው ጋ ሲደርሱ ወለተሐና ያን ሁለቴ ያነሳችውን እጇን ዘርግታ አየችው፤ ከዚያ ልጇ ከሄደ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች።