የአያ ውድነህ ወንፈል

አያ ውድነህ የክልል ምክር ቤት አባል ናቸው ብዬ ብነግራችሁ፣ ከጎንደር በላይ ኮሶዬ መንገድ ዳር ድንች በጆንያ ሲሞሉ ያያቸው ሰው አያምነኝም። ሰው የመረጣቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጠጥተው አይሳደቡም። ሁለተኛ፣ ባሕር ዳር ድረስ እየተመላለሰ ስብሰባ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አልተገኘም። ሦስተኛም ነበረ፣ ረሳሁት።

መጀመሪያ ሰሞን ሕግ እንዴት ነው የሚወጣ ብለን ጠየቅናቸው። ቀላል ነው አሉን። ረቂቁ ይነበባል፤ ሲነበብ ይረዝማል። አፈ ጉባኤው የምትደግፉ ሲሉ እጅ እንደ ገብስ ማሳ ይቆማል። የምትቃወሙ ሲሉ ሰው ያስላል። ድምፀ ተዓቅቦ ሲሉ አንዱ መነጽሩን ይወለውላል። ጸደቀ ይባልና ወደ ሻይ ይወጣል። እርስዎስ መቼ ነው የሚያነሱ ብንላቸው፣ ከፊታቸው የሚቀመጡ አንድ ረጅም መምህር እንዳሉና እሳቸውን አይተው እንደሚያነሱ ነገሩን። የተማሩ ሰው ናቸው፣ ደግሞም ረጅም ናቸው፣ ከኋላ በደንብ ይታያሉ አሉ።

እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ያህል ኖሩ። ማንም አልተቀየማቸው። የሚወጣው ሕግ ሁሉ የሌላ አገር ሰው ሕግ ነበራ።

ነገሩ የመጣው ሁለት ሕግ ባንድ ቀን የቀረበ ለት ነው። ስብሰባው በቴሌቪዥን ስለሚታይ ፍሬሰላም ቤት ሞልተናል። ፍሬሰላም መንገደኛ የምታበላ ሴት ናት፤ ቴሌቪዥኗን የምታጠፋው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። መጀመሪያ የቀረበው የሸማቾች ሕግ ነው። የነጋዴ ሚዛን በየዓመቱ ይፈተሽ፣ በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የቀላቀለ ይቀጣ የሚል። አያ ውድነህ እጃቸውን አነሱ፣ እኛም ሸጋ ነው አልን። ኮሶዬ ላይ ሚዛን ያለው ሰው የለም። ድንቹም የሚሸጠው በጆንያ፣ በዓይን ተገምቶ ነው። ሌላ ሰው ላይ የሚወጣ ሕግ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ።

ሁለተኛው የምንጭ ሕግ ነበር። ከምንጭ ራስ ሃምሳ ሜትር ድረስ ያለ ባሕር ዛፍ ይነሳ፣ በምትኩ የአገር ዛፍ ይተከል ይላል። ቤቱ ጸጥ አለ። የሚያኝከው እንኳ ማኘኩን ተወ።

ለምን ጸጥ እንዳለ ልንገራችሁ። የኛ ምንጭ ስሙ ወይራ ውሃ ነው። ወይራ የለበትም። በቀኝ በኩል የአያ ውድነህ ባሕር ዛፍ አለ፣ በግራው የእንግዳው። ሌሎቻችንም ዳር ዳሩን ትንሽ ትንሽ አለችን። እንግዳው ስሙ ነው እንጂ ያገሩ ልጅ ነው፤ አጣና ይገዛል፣ በአይሱዙ ጭኖ ጎንደር ይሸጣል። ኮሶዬ ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ካያችሁ፣ ቆርቆሮው ከባሕር ዛፍ ነው የወጣው። ባሕር ዛፍ የኛ ባንክ ነው፤ ወረፋ የለውም።

አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» አሉ። ረጅሙ መምህር አልተንቀሳቀሱም። ከሳቸው በስተኋላ ግን አንድ እጅ ብድግ አለ፣ ጋቢ ያለበት። ብቻውን ነበር፤ ቀጥሎ ነው ሌላው የተነሳ። ሕጉ አለፈ።

ፍሬሰላም ቤት ክርክር ተነሳ። አንዱ አያ ውድነህ አንቀላፍተው ነው አለ። አንዱ ዝንብ ሲያባርሩ ነው አለ። እንግዳው ዝንቡ እውነት ነው ብሎ አጸና፤ ባሕር ዳር ዝንብ እንደሚበዛ እሱ ሄዶ አይቷል።

አያ ውድነህ ሲመለሱ ጎንደር ወረዱ። ፒያሳ ሳሙናና ስኳር ሊገዙ አንድ ሱቅ ቢገቡ ባለሱቁ ከቴሌቪዥኑ አወቃቸው። የባሕር ዛፉን ሕግ እያደነቀ፣ ምንጭ የአገር ሀብት ነው እያለ ሲያመሰግናቸው ቆየ። ቀጥሎ ያንን የሚዛን ሕግ ግን ማን እንዳመጣው፣ ነጋዴ ምን እንደበደለ ጠየቃቸው። ስኳሩን ሲመዝን እጁ ሚዛኑ ላይ ትንሽ እንደቆየች አያ ውድነህ አይተዋል። ሕጉ የሚጀምረው ከሐምሌ ነው።

ከዚያ እዚያው ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሰርካለም ትባላለች፤ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖር። የቤት መሥሪያ ቦታ አግኝታለች፤ ቋሚውን ደግሞ አባቷ ቃል ገብተውላታል። ቋሚው ያ ከምንጩ አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለት ክረምት ቢጨመርለት ቤት የሚያቆም እንጨት ይወጣዋል፤ አሁን ቢቆረጥ ለማገር እንኳ ይቀጥናል። እሷም በቴሌቪዥን አይታቸዋለች። የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ።

«አባባ፣ እጅህን ስታነሳ እኔ ትዝ አላልኩህም?»

«ትዝ ብለሽኛል። ስለዚህ ነው ቶሎ ያነሳሁት፤ ብቆይ ኖሮ አላነሳውም ነበር።»

እኔ በኋላ ምነው እንዲያ አደረጉ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። ለስብሰባው የሄዱ ለት ማለዳ ሚስታቸው ማሬ ጀሪካኗን ከምንጩ ሥር ደግና ነበር። እሳቸው ማኪና ተሳፍረው ጎንደር ደርሰው ቢደውሉላት ገና አልሞላም አለቻቸው። ያቺን ጀሪካን አዳራሽ ድረስ ይዣት ገባሁ አሉኝ። ሲያነሱት እጃቸው ቀላል ነበር፤ ካወረዱት ወዲህ ነው የከበዳቸው።

ወዲያው ደግሞ የምክር ቤት አባላት ከመራጫቸው ጋር ይወያዩ ተባለ። ቀበሌው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። አያ ውድነህ ስለ ሚዛኑ አወሩ፣ አጨበጨብን። ስለ ምንጩ ሊያወሩ ሲሉ እንግዳው ተነሳ።

«አያ ውድነህ፣ እጅዎን ያነሱት ለዝንብ ነው ወይስ ለሕግ?»

«ዝንብ አልነበረም።»

«እንግዲያው ሕግ ካወጣው ሰው ይጀመራል። ይጀምሩልን።»

«እጀምራለሁ» አሉ።

«ብቻዎን አይችሉም፣ ሽማግሌ ነዎ። ማክሰኞ መጥረቢያችንን ይዘን እንመጣልዎታለን።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ሸጋ ሳቅ ነበር፣ ምን አደርጋለሁ።

ማክሰኞ ማለዳ መጥረቢያ በትከሻችን አድርገን ደጃቸው ደረስን። ክፋት ነው ብትሉ ክፋት ነው፤ ግን በሥራ ልብስ የመጣ ክፋት ነው፣ ማንም መልሶ አይሰደውም። ማሬ ወጥታ አየችን። ያልጠመቀችው ጠላ፣ ያልጋገረችው እንጀራ ሁሉ ፊቷ ላይ ታየ። አያ ውድነህ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ወጡና እንግዳውን ጠየቁት።

«የመጣችሁት ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?»

ይኼ ጥያቄ ለከተማ ሰው ቀልድ ይመስላል። ደቦ ከሆነ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ነገሩ በዚያው ቀን ያልቃል። ወንፈል ከሆነ የሚበላውን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ባለቤቱ ደግሞ ለመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ሥራ፣ ያንኑ ያህል ቀን ይመልሳል። የማይመልስ ሰው ሲሞት ቀባሪው ያንሳል።

እንግዳው አሰበ። ደቦ ቢል የሰውዬውን እንጀራ በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ነገ ፍሬሰላም ቤት ሊያማው አይችልም፤ ነውር ነው። ለመጠጥ መጡም ይባላል። ወንፈል ቢል ደግሞ የሽማግሌ ጉልበት ምን ሊያመጣ ነው።

«ወንፈል» አለ ጮክ ብሎ።

ጠላ አስበው የመጡት ዞር ብለው አዩት።

ቆረጥንላቸው። እስከ ከሰዓት አንድም የቆመ አልቀረ። አያ ውድነህ አብረውን ይቆርጡ ነበር፤ ሲደክማቸው ከግንዱ ላይ ይቀመጡና የወደቀውን በእጃቸው ይለካሉ። የሰርካለም ቋሚ እንደቀጠነ ወደቀ። ማንም አላቅራራ፣ ማንም አልዘፈነ።

በሳምንቱ አያ ውድነህ መጥረቢያቸውን ይዘው እንግዳው ደጅ ቆሙ።

«ምን ፈልገው ነው፣ አያ?»

«ወንፈል ልመልስ።»

«አሁን ሥራ የለኝም። ለአጨዳ ይምጡ።»

«መጥረቢያ ነው ያበደርከኝ፤ ማጭድ አልተበደርኩህም።»

እንግዳው ጎንደር የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ትዝ አለው፤ አይሱዙው ላይ ወጥቶ ሄደ። በማግስቱ መጡ፤ ታሟል ተባሉ። ደግመው መጡ፤ በጓሮ ወጣ። አበዳሪ ከተበዳሪ ሲሸሽ ያየነው ያን ጊዜ ነው። ፍሬሰላም ቤት የሚታማው ሰው ተቀየረ።

እሳቸው እስከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የሌሎቻችንን መመለስ ጀመሩ። እኔ ጋ ያለኝ አራት እግር ባሕር ዛፍ ነው። ከምንጩ ይርቃል አልኳቸው። ለኩት። አይርቅም። ቆረጡልኝና አመሰግናለሁ አልኩ፤ ሌላ የሚባል ነገር የለማ። በየቤቱ እንዲህ ሆነ። እሺ ያላለ ሰው ነበር፤ ግን ወንፈል አልቀበልም ያለ ሰው ነገ ማንን ለአረም ይጠራል? ሕጉን የሚያስፈጽም ባለሙያም አንድ ቀን መጥቶ የአያ ውድነህን ጉቶ ፎቶ አንስቷል። ፎቶው ሸጋ ነው አሉ።

የቀረው የእንግዳው ብቻ ነው። የሱ ደግሞ ምንጩ ራስ ላይ ነው፣ ትልቁ እሱ ነው። ያ ካልተነካ የኛ ሁሉ መቆረጥ ከንቱ ነው፤ የሰርካለም ቋሚም ለቀልድ ወደቀ ማለት ነው። አያ ውድነህ ይህን ለማንም አልተናገሩም። አንድ ቀን ግን ከእንግዳው ደጅ ሲመለሱ አገኘኋቸውና፣ መምህሩን እያዩ እጃቸውን ያነሱ በነበረ ጊዜ እንቅልፋቸው ደህና እንደነበር ነገሩኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ደግሞ ሄዱ። እንግዳው የለም፤ አጣና ጭኖ ጎንደር ወርዷል። ሚስቱ እናኑ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከታች ከወንዙ ትመጣለች። ወይራ ውሃ ቤቷ ሥር ነው፤ ጠብ ጠብ ብቻ ስለሚል ግን እሷ ገደል ወርዳ ነው የምትቀዳ። አውርዳ አሳረፈችውና ወገቧን ይዛ አየቻቸው።

«ዛሬም ወንፈል ነው፣ አያ ውድነህ?»

«ዛሬም ነው። እንግዳው የለም አሉኝ።»

«እሱ ቢሸሽ ደጁ አይሸሽም። ወንፈል የሰው አይደለም፣ የቤት ነው፤ እኔም የቤቱ ነኝ። ከላይኛው ረድፍ ይጀምሩልኝ።»

የመጥረቢያው ድምፅ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ቶሎ ቶሎ አይመቱም፤ ግን አያቋርጡም። እናኑ የወደቀውን እየጎተተች ታከማቻለች። እንግዳው ወደ ማታ ሲመለስ አይሱዙውን መንገድ ላይ አቆመና ቁልቁል አየ። ምንጩ ራስ ላይ ያለው ረድፍ የለም፤ ሰማይ ይታያል። ወርዶ መጣ። እኛም ከየቤታችን ወጣን፤ ጠብ ከሆነ ለመገላገል፣ ካልሆነም ለማየት።

ጉቶዎቹን አየ። ሚስቱን አየ። እሷ ጀሪካኑን አየች።

«እናኑ፣ ለአያ ውድነህ እንጀራ አቅርቢላቸው» አለ በመጨረሻ።

አያ ውድነህ ሳቁ። ብልጠቱ ገብቷቸዋል፤ ከበሉ ደቦ ሊሆን ነው፣ ነገሩም በዚያው ሊዘጋ ነው። ቆሎ ይዣለሁ አሉና ከኪሳቸው አወጡ፤ ለሱም ዘገኑለት። ቆሞ ቆረጠመ። የወንፈሉ ቀን ግን አልቆ ነበር፤ ከአንድ ረድፍ በላይ አልሄደላቸውም።

ባሕር ዛፍ እንደምታውቁት ቢቆርጡት አይሞትም። ክረምቱን ጠጥቶ ከየጉቶው ለምለም ቀንበጥ ያወጣል፤ ዝም ካላችሁት በሦስት ዓመት እንደነበረ ነው። አያ ውድነህ በበጋው እየዞሩ የራሳቸውን ጉቶ ቀንበጥ ይሰብራሉ፤ ለምክር ቤት ሲሄዱ ማሬ ትሰብራለች። ሰርካለም ዛሬም ቁስቋም ትከራያለች፤ ያንን ቀጭን እንጨት አጥር አድርጋዋለች። ወይራ ውሃ እንደ ድሮው ሆነ አልላችሁም። ማሬ ግን ጀሪካኗን ደግና ባሏን ስትሸኝ አሁን ማኪናው ጎንደር ሳይገባ ወለቃ ሲደርስ ትደውልላቸዋለች፤ ሞላ ብላ። ከወለቃ እስከ ጎንደር ትንሽ መንገድ ናት፤ ግን መንገድ ናት።

ባለፈው ሳምንት አያ ውድነህ በምንጩ በኩል ሲያልፉ እንግዳው ከላይኛው ረድፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ቀንበጥ ይሰብራል። ሰው አላየኝም ብሎ ነው። እሳቸውም እንዳላዩ ሊያልፉ ነበር፤ አላስቻላቸውም።

«ሁለተኛውስ ረድፍ?»

እንግዳው ቀና አላለም። «እሱ ላይ ገና ድምፅ አልተሰጠም» አለ። አንድ ቀንበጥ ሰብሮ ደግሞ፣ «እናኑን ይጠይቋት» አለ።

አያ ውድነህ ጉቶ ላይ ተቀመጡ። እናኑ ከቤት ጀሪካኗን ይዛ ወደ ምንጩ ትወርድ ነበር፤ እስክትደርስ ጠበቋት።