በርበሬ የማይደፍራቸው ሰው

ባለፈው ኅዳር ወልቂጤ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን ስጠብቅ፣ ጣሪያው ላይ የወጣው ወዛደር አንድ ጆንያ በርበሬ ወረወረ። ጆንያው መሬት ሲነካ ቀዩ አቧራ ቡን ብሎ ፊቴን ሞላው። ደጋግሜ አስነጠስኩ። «ይማርሽ» የሚለኝ በዛ፤ እኔ ግን ዓይኔን እየጠረግሁ የማስበው ስለ ጋሽ ከድር ነበር። ይህን ያህል ዘመን ኖሬ እንኳ ባስነጠስኩ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

ያደግሁት ቡታጅራ ነው፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ። ጓሯችን ከወፍጮ ቤቱ ጋር ይዋሰን ስለነበር የናፍጣ ሞተሩ ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ወፍጮው በሳምንት አንድ ቀን በርበሬ ብቻ ይፈጫል። የዚያን ቀን እናቴ መስኮቱን በአሮጌ ጨርቅ ትወትፋለች፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ወደ ላይኛው አጥር ይሸሻሉ። ከእንሴኖ በአህያ የመጣው በርበሬ ደጁ ላይ ይከመራል፣ ባለቤቶቹም አፍንጫቸውን በነጠላ ጠምጥመው ከውጭ ይቆማሉ። ውስጥ የሚቀሩት ፈጪው ጋሽ ከድር ብቻ ናቸው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሽፋሽፍታቸው ድረስ ቀይ ዱቄት የለበሱ። ፊታቸውን አይሸፍኑም። እንኳን ሊያስነጥሱ ዓይናቸውን አያሹም።

«በርበሬ የማይደፍራቸው» ይላቸዋል የከተማው ሰው። ነጋዴ ዱቄቱ ላይ የሚያስነጥስ ፈጪ አይወድም፤ ሌላ ወፍጮ እያለ እሳቸው ደጅ የሚሰለፈውም ለዚህ ነበር። እሳቸውም ይኮሩበታል። ከወፍጮው ጎን ያለው ቤታቸው ጠባብ፣ ልጅ አልሰጣቸው፤ ያላቸው ነገር ይኸው ስም ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ከአጥሩ ማዶ ሲስሉ እንሰማለን። እርጥብ፣ ማለቂያ የሌለው ሳል ነው። ሚስታቸው እማማ ሞሚና አመድ ያለበት ጣሳ ይዘው አክታቸውን ይቀበላሉ። ብርድ ነው ይላሉ፤ እኛም ብርድ ነው አልን።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎንደር የመጣ ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነበረን። አንድ ቀን የአየር ቧንቧን በጠመኔ ሥሎ፣ ውስጡን ዝልግልግ ፈሳሽ እንደሚለብሰውና የምንስበው አቧራ እዚያ ላይ እንደሚጣበቅ ነገረን። ከሥር በዓይን የማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ፤ ነፋስ እንደሚያስተኛው የጤፍ ማሳ ወደ አንድ ወገን እያዘነበሉ ቆሻሻውን ከነፈሳሹ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስለ ንፍጥ የሚያስተምር ሰው አይተን አናውቅም። እኔ የጋሽ ከድርን ጀግንነት ላወራ ቸኩዬ እጄን አወጣሁና፣ የማያስነጥስ ሰውስ ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ጠየቅሁ። አስተማሪው ጠመኔውን አስቀመጠ። ሲቃጠል የኖረ አፍንጫ ይደነዝዛል አለ። ለዓመታት አቧራ የሳበ ሰው ፀጉሮቹ ይረግፋሉ፤ ያኔ የሚጠርግ ስለሌለ ፈሳሹ ደረት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያለ ሳልም አይወጣም።

ልጅነት ያወቀውን ካልተናገረ አያድርም። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ላገኘኋቸው ጋሽ ከድር ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቆይተው ግን ተነስተው ገቡና እፍኝ የበርበሬ ዱቄት ይዘው ወጡ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው በኃይል ሳቡት። ራቅ ብዬ የቆምኩት እኔ አስነጠስኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ጠበቁ። አልመጣላቸውም። ደግመው ሳቡ፣ ደግመው ጠበቁ።

«ሂጂ ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ። «ለሞሚና እንዳትነግሪያት።»

በሚቀጥለው የበርበሬ ቀን አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ገቡ። ነጋዴዎቹ ተሳሳቁ፤ በመጨረሻ በርበሬ ደፈራቸው ተባለ፤ አንዱማ ጆንያውን መልሶ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ሻሹን ፈቱት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያሞግሳቸው አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ባልነገርኳቸው ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። አላዳንኳቸውም፤ የነበራቸውን ኩራት ብቻ ነው የወሰድኩባቸው።

ክረምቱ ሲገባ ሳሉ ሌትም ቀንም ሆነ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መርፌ ወጋቸው፣ ዳማከሴም ተጨመቀ፤ አልሆነም። ነሐሴ ሳይወጣ፣ በዝናብ፣ ጀናዛቸው በደጃችን አለፈ። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እናቴ ለምን ያን ያህል እንደማለቅስ አልገባትም።

ጥቅምት ላይ አዲሱ በርበሬ ሲደርስ ከጥያ በኩል የመጣ ጎልማሳ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛውን ጆንያ ሳያጋምስ ማስነጠስ ጀመረ፤ ማቆሚያም አጣ። ደጅ የተሰለፈው ሰው ይስቃል። አንዱ ነጋዴ፣ አላህ ይዘንላቸውና ጋሽ ከድር እንዲህ ያለ ጉድ አያውቁም ነበር አለ። እማማ ሞሚና ከአጥራቸው ወጡ። በሰዎቹ መሃል አልፈው የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሙና ወደ ነጋዴዎቹ ዞሩ።

«ተዉት፣ ያስነጥስ» አሉ። «የእኔውን ዝም ሲል ነው ያሞገሳችሁት።»

ሰውየው ውስጥ ሆኖ እንደገና አስነጠሰ። ማንም አልሳቀም።