የእንግዳው ወንበር

ጋሽ መቀስን መቀስ ያሰኛቸው ልማዳቸው ነው። የሚቆርጡት ፀጉር በማይኖርበት ሰዓት እንኳ መቀሳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ባዶውን አየር ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጉታል። ሰፈሩ ይህን አይቶ ስም አወጣላቸው፤ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውሰው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ፀጉር ቤታቸው በዳቦ ቤቱና በጫማ ሰፊው መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ ረጅም መስታወት፣ የብሩሽና የምላጭ መደርደሪያ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ የወረፋ አግዳሚ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አግዳሚው ላይ ከሚቀመጡት ግማሾቹ የሚቆረጥ ፀጉር የላቸውም። የሚመጡት ለወሬ ነው። ጋሽ መቀስም ይህን ያውቃሉ፤ ወሬው ከሌለ ሥራው እንደማይጥማቸው ግን ለማንም አይናገሩም።

ሥራቸውን የሚነጥቅ ነገር የመጣባቸው በገዛ እጃቸው በኩል ነው። ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ በድካም አሳበቡ፣ ቀጥሎ በብርድ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ ቁርጡን ነገራቸው፤ ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ጋሽ መቀስ ነገሩን ዋጥ አድርገው፣ ያን ሰሞን ሥራ እየጠየቀ በየበሩ ይዞር የነበረውን ጎልማሳ ቀጠሩት። ጎልማሳው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ሙያውን ይዞ ነው የመጣው፤ ምላጮቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከባሕር ማዶ ያመጣ ሰው ነው። ፂም ሲላጭ የምላጩ ድምፅ አይሰማም። ደንበኞቹ «እንግዳው» አሉት፤ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም እንግዳው ነው።

ደንበኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ይህን ደጋግሜ መናገር ይኖርብኛል። ሲገቡ ሰላም ይሉታል፣ ልጆቹን ይጠይቁታል። ወንበሩ ላይ ግን አይቀመጡም። «ግድ የለም፣ እኔ ጋሼን እጠብቃለሁ» ይሉና አግዳሚው ላይ ተፋፍገው ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ወንበር የሚቀመጠው ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ወይም ጉዳይ የሚያጣድፈው ሰው ብቻ ነው። በቀረው ሰዓት እንግዳው ወለል ይጠርጋል፣ የጠራውን መስታወት መልሶ ይወለውላል።

ከሁሉ አፈኛው ዳኛው ነው። ድሮ የእግር ኳስ ዳኛ የነበረ፣ ፊሽካውን ካስረከበ በኋላ በሰው ኑሮ ላይ መፍረድ የጀመረ ወፍራም ሰው። እሱ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ስለ መጤዎች ወሬ መነሳቱ አይቀርም። ሰውን በመጣበት እንደማይለይ አስቀድሞ ይናገራል። ይምጡ፣ ይሥሩ፣ ይኑሩ ይላል። «ግን» የምትለው ትከተላለች። ግን እኛን መምሰል አለባቸው፤ ግን አውቶቡስ ውስጥ በቋንቋቸው ሲጯጯሁ ጆሮ ይበጥሳሉ፤ ግን እርስ በርሳቸው ብቻ ነው የሚገጥሙት። አግዳሚው ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ሁሉ የሚባለው እንግዳው ከአንድ ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ መጥረጊያ ይዞ ቆሞ ነው። ቋንቋውን አጥርቶ ይሰማል። ግን እንደ ወንበሩ፣ እንደ መስታወቱ ቆጥረውት ያወራሉ። ከነሱ ጋር አይቀላቀልም ተብሎ የሚታማው ሰው ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ነው የሚውለው፤ ይህን ልብ ያለ ግን የለም።

እኔን የሚያስቀኝም የሚያበሽቀኝም የሚከተለው ነው። ጋሽ መቀስ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው የዳቦ ጋጋሪውን ጆሮ ጫፍ ጨርፈዋል። የዳኛውን አገጭ ቆርጠዋል። ዳኛው ጥጥ ለጥፎ «አይዞዎት ጋሼ፣ ድካም ነው» ብሎ አጽናንቷቸው ወጣ፤ ፂሙ ሲያድግ ተመልሶ መጣ። እጁ ዝንፍ የማይል ባለሙያ ባዶ ወንበሩን ተደግፎ ቆሞ እያየ፣ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ለመቆረጥ ወረፋ ይይዛል።

ጋሽ መቀስ ዝም አላሉም። እጁ ከኔ እንደሚሻል ማልኩላችሁ፣ ተቀመጡለት አሉ። ለመኑ፣ ቀለዱ፣ አንዳንዴም ተቆጡ። አግዳሚው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ቀን ማታ ሊዘጉ ሲሉ እንግዳው ፎጣዎቹን እያጠፈ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ያገሩ ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት በወዲያኛው ሰፈር አንድ ፀጉር ቤት ቦታ ሰጥቶታል። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ አይመጣም።

«እዚያ ፀጉራቸውን ይሰጡኛል ጋሼ» አለ። «እዚህ እኮ የምሠራው መጥረግ ነው።»

ጋሽ መቀስ እሱ ከሄደ ፀጉር ቤቷ እንደማትቆይ ያውቃሉ፤ እጃቸው ዓመቱን የሚዘልቅ አይደለም። ከዚያ በላይ ግን የከነከናቸው «እዚያ» ያላት ቃል ናት። መጤዎቹ፣ ዳኛው እንደሚለው፣ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚገጥሙት እኛው እንዲህ እያደረግን ወደዚያ ስለምንገፋቸው መሆኑ ያን ማታ ገባቸው። ገብቷቸው ተናደዱ፤ የተናደዱት ግን በደንበኞቻቸው ነበር።

እራት ላይ ለባለቤታቸው አማረሩ። ልበ ጠባቦች፣ ግትሮች፣ ጅሎች አሏቸው። ባለቤታቸው ሳህኑን ወደሳቸው እያስጠጉ ጥቂት አዳመጡና ጠየቁ።

«ለመሆኑ አንተን የሚላጭህ ማነው?»

«ያ ወዳጄ ነዋ፣ ከድልድዩ ማዶ ያለው። አታውቂውም እንዴ?»

«አውቀዋለሁ። እጅህ እምቢ ካለህ ጀምሮ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርክ ትሄዳለህ። ባለሙያው አጠገብህ ቆሞልህ።»

«የድሮ ልማድ ነው።»

«እነሱስ ከዚህ ሌላ ምን አሉህ?» አሉ ባለቤታቸው፤ ከዚያ ወጡን ጨለፉላቸው።

ጋሽ መቀስ አፋቸውን ሞልተው ማሉለት እንጂ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያ ወንበር ላይ አልተቀመጡም። አስበውት እንኳ አያውቁም። ሰው ራሱን ደግ አድርጎ ሲያስብ ስንቱን እንደሚዘነጋ እዚያው ገበታው ላይ አዩት፤ በጣም አፈሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሽ መቀስ ሽርጣቸውን ፈትተው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ሄደው ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ፂሜን» አሉ። ወሬው ቀጥ አለ። እንግዳው በመስታወቱ ውስጥ ትንሽ አያቸውና ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረ፤ ሳሙናውን በብሩሹ እየመታ አረፋ ማውጣት ጀመረ።

ጋሽ መቀስ ለሠራተኛ ከሁሉ በፊት የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ፤ አዲስ ፊት ከመንካትህ በፊት ጠይቅ። ፂም የሸፈነው እብጠት፣ ኪንታሮት፣ ጠባሳ ይኖራል፤ ምላጭ ደግሞ አያይም። እንግዳው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ያን ዕለት ግን አልጠየቀም። ታላቁን፣ ያውም አሠሪውን፣ «ፊትዎ ላይ ነውር አለ ወይ» ማለት ሆኖ ታየውና አፍሮ ተወው። ጋሽ መቀስም ከቀኝ መንጋጋቸው ሥር ያለችውን እብጠት አልነገሩትም። ከድልድዩ ማዶ ያለው ወዳጃቸው ዓይኑን ጨፍኖ ያልፋታል፤ ነግረው አያውቁምና መናገር የሚባለው ነገር ትዝም አላላቸውም። ደግሞ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነበር። ምላጩ ወደ ጉሮሯቸው ሲጠጋ ምራቃቸውን ዋጡ። ፀጉር አስተካካይ ያችን መዋጥ ያውቃታል፤ ያልታመነ እጅ ሲቀርብ ጉሮሮ የሚያደርጋት ናት። የገዛ ጉሮሯቸው ሲያደርጋት ሰሙ።

ምላጩም እብጠቷን ጨረፋት።

ደሙ በነጩ አረፋ ላይ ወረደ። ዳኛው ከአግዳሚው ከፊል ተነሳ። ከኋላ አንድ ሰው «በቃ» ሲል ተሰማ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባው የቀረ ሰው አልነበረም። ዝንፍ የማይለው የእንግዳው እጅ ምላጩን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሰኞን አልጠብቅም፣ ዕቃዬን ዛሬውኑ እሰበስባለሁ።»

«ስለ አንዲት ጭረት?»

«እርስዎ ሰው ሲቆርጡ ‹እጃቸው ደከመ› ይላሉ። እኔ ስቆርጥ ‹እነዚህ ሰዎች› ነው የሚሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልሳሳት ስፈራ ኖርኩ። ይኸው ተሳሳትኩ።»

ዳኛው ሳያውቀው አገጩን ዳሰሰ።

ጋሽ መቀስ «ጥጥ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ቁስሉ ላይ ሊይዙት ሲሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ጥጡ ጭናቸው ላይ ወደቀ። እንግዳው ሌላ ቆርጦ ራሱ ያዘላቸው። እንደዚያ ሆነው፣ እንግዳው መንጋጋቸውን እንደያዘ፣ ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ አግዳሚውንም እሱንም እያዩ ተናገሩ።

«እብጠት እንዳለብኝ አልነገርኩህም፤ አንተም አልጠየቅኸኝም። ጥፋቱ የሁለታችን ነው። ሌላም ልንገርህ። ምላጩ ሲጠጋ ፈራሁህ። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ውለህ፣ እኔ ፈራሁህ። ያ ጥፋት ግን የኔ ብቻ ነው።»

እንግዳው ጥጡን እንደያዘ ዓይኑ ቀላ። የጋሽ መቀስም እንደዚያው ነበር፤ በሳሙናው አሳበቡ።

«ግራው ጉንጬ አልተነካም» አሉ። «በግማሽ ፂም ወደ ቤት አልሄድም።»

ደሙ ቆመ። እንግዳው ጥጡን ጣለና ብሩሹን አነሳ፤ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ መጀመሪያ ሊጠይቅ ይገባው የነበረውን ጠየቀ።

«በዚህኛው በኩልስ ልጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ?»

«ከጆሮዬ ሥር አንድ ጠባሳ አለ» አሉ ጋሽ መቀስ። «የቀረውን እዚሁ እየኖርክ ታገኘዋለህ።»

እንግዳው ምላጩን በፎጣው ጠርጎ ወደ ግራ ጉንጫቸው ዞረ።