የጠቆረው የብር መስመር

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ከአንኮበር የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። አባቴ አንጥረኛው ግንባሬን ሳመኝ፤ እናቴ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ጠቅልላ ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። ማልቀሴን እንዳታይ ቶሎ መኪናው ላይ ወጣሁ።

ጀርመን አገር ሬዲዮ ፋብሪካ ገባሁ። የስድስት ወር ሙከራ ነበር፤ ካልበቃሁ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ያበቃል። ስለ ብርዱ አትጠይቁኝ! የደብረ ብርሃን ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህኛው ፀሐይንም አይፈራም። የቤት አከራዬ ባናዬን አሸተተችና «በግ አስገብተሃል?» ብላ አልጋዬ ስር ጎንበስ አለች።

ሥራዬ የሬዲዮው ዕቃዎች የሚበየዱበትን ሰሌዳ መቀባት ነበር። ሰሌዳው ላይ ሞገዱ የሚያልፍበት፣ በብር የተለበጠ ቀጭን መስመር አለ። ብየዳው እንዳይፈስ በየመበየጃው ዙሪያ አረንጓዴ ቀለም እቀባለሁ፤ መስመሩን ግን እንዳትነካ ተብያለሁ። ቀን ሲቆይ ብሩ ጠቆረ። ከአባቴ እጅ የጠቆረ ብር ወጥቶ አያውቅም። አላስችል አለኝና ብሩን ወልውዬ፣ ዳግም እንዳይጠቁር በእጄ የነበሩትን አርባ ሰሌዳዎች ከዳር እስከ ዳር ቀባኋቸው። እንዴት አማሩልኝ!

በማግስቱ አርባውም ሬዲዮ ጣቢያውን ሳተ። አለቃችን፣ ማይስተር የምንለው፣ አስጠራኝ።

«ማን ቅባ አለህ?»

«ብሩ ጠቁሮ ነበር፣ ጌታዬ።»

«የምንሠራው ሬዲዮ ነው፤ የሙሽራ ሐብል አይደለም!»

አፈርኩ፤ እልህም ያዘኝ። «ሦስት ሰሌዳ ስጡኝና ልለካ» አልኩት። አንዱን ሙሉውን ቀባሁት፣ አንዱን እንደጠቆረ ተውኩት፣ ሦስተኛውን ወልውዬ አበራሁት። ሳምንቱን ምሳዬን እየተውኩ ለካሁ። የተቀባው ሞገዱን ያስታል፤ የጠቆረውና የሚያበራው ግን እኩል ይሠራሉ። አባቴ ይህን ቢሰማ ምን ይለኝ ይሆን? አርባውንም ሰሌዳ ቀለሙን ከመስመሩ ላይ በእጄ ገፍፌ መለስኩና ማይስተሩ ፊት ቆምኩ።

«ሥራውን አሁን አውቄዋለሁ። ሁለት ዓመት ጨምሩልኝ።»

ልኬቴን አገላብጦ አየና የሁለት ዓመቱን ውል ፈረመልኝ።

እናቴን ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት አስጠራኋት። ከአንኮበር ድረስ በእግሯ መጣች።

«እማዬ፣ ደስ ይበልሽ፤ ሁለት ዓመት ጨመሩልኝ!»

 «ማን ጨምሩ አላቸው?» አለችኝ።

እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩና «ባናሽ ይሞቃል፣ እማዬ» አልኳት።